ተራራው የሌለበት ሥዕል

ጡረታ የወጣሁት ዘንድሮ ነው። ደብዳቤዬን የሰጠችኝ የሰው ኃይል ክፍል ልጅ ማህደሬን ስታገላብጥ ቆይታ፣ ከመካከሉ አራት ዓመት ጎደለባትና የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ጁባ ነበርኩ አልኳት። ምን ይሠሩ ነበር አለችኝ። እርሳስ አያያዝ አስተምር ነበር ብላት ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ እንጂ ቀልድ አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን፣ ከዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን ውስጥ እየመጡ የሚያስቸግሩኝ እነዚያ ወረቀት ላይ ያልሰፈሩት አራት ዓመታት ሆኑ። ስለዚህ ልጻፋቸው።

ሙያዬ ሥዕል ነው። ከሥዕል ትምህርት ቤት እንደወጣሁ አንድ ማተሚያ ቤት ገብቼ ለመማሪያ መጻሕፍት የሚሆን ሥዕል ስሥል ኖርኩ። ላም፣ የሰው ልብ፣ የወንዞች ካርታ፣ ጥርሱን የሚቦርሽ ልጅ። የመጀመሪያው አለቃዬ ላሟ ፈገግ እንድትል ይፈልግ ነበር። እሱ ሲቀየር የመጣው ደግሞ ላም ፈገግ አትልም ብሎ የተሣሉትን ላሞች ሁሉ ኮስተር እንዳደርጋቸው አዘዘኝ። ሁለቱንም ታዘዝኩ። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ከሄደ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. አንድ የረድኤት ድርጅት ጁባ ላይ የጤና ትምህርት ፖስተር የሚሥልለት ሰው ፈለገ። ማተሚያ ቤቱ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጠኝ፤ ሄድኩ።

ጁባ ያኔ ከጦርነት መውጣቷ ነበር። ግማሹ ሰው ከስደት ይመለሳል፣ ግማሹ ቤት ይሠራል፣ የቀረው መሥሪያ ቤት ይከፍታል። ጀበል ሠፈር፣ ተራራው ሥር፣ አንድ የሐበሻ ሆቴል ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ፖስተሬን መሣል ጀመርኩ። ፕሮጀክቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሻንጣዬን ልሸክፍ ስል ነው ኡስታዝ ላዶ ወደ ቢሯችን የመጡት።

ኡስታዝ እዚያ አገር መምህር ማለት ነው። ኡስታዝ ላዶ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የመንገድ ካርታ ነድፈዋል፤ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥለዋል፤ ኻርቱም ተሰደው ሥዕል አስተምረዋል። ያን ጊዜ አንዲት አዲስ የተከፈተች ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የሥዕልና የንድፍ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የመጡት ከፕሮጀክቱ የተረፈ ወረቀት እንድንሰጣቸው ለመለመን ነው፤ የተረፈ ግን አልነበረም። ግድግዳው ላይ የነበረውን ፖስተሬን ነቅለው፣ እግሩን ወደ ላይ ዘቅዝቀው ብዙ ደቂቃ አዩት። ከዚያ ማን እንደሣለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መሠረታዊ ሥዕል ማስተማር እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። የሥራ ቃለ መጠይቄ ይህ ብቻ ነበር።

የቅጥር ደብዳቤዬ «የሥነ ጥበብ ሌክቸረር» ይላል። ሌክቸረሯ ስትደርስ ክፍሉ ጣሪያና ሰሌዳ ነበረው፤ ወንበር አልነበረውም። አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ አምስት ይሆናል። ከፊሎቹ በካምፕ የተማሩ፣ ከፊሎቹ ጫካ የቆዩ፣ አንዳንዶቹም እርሳስ ከያዙ ዓመታት ያለፋቸው ናቸው።

ወረቀት ስላልነበረን በሲሚንቶ ከረጢት ጀመርን። ከአጠገባችን ሕንፃ የሚሠሩት ሐበሻ ፎርማን ባዶ ከረጢቶቹን ያስቀምጡልናል። ከረጢቱ ብዙ ንብርብር አለው፤ የመጀመሪያውን ትጥላለህ፣ ሁለተኛውን በደረቅ ጨርቅ ታራግፋለህ፣ መካከል ያለው ግን ንጹሕና ለስላሳ ነው፣ ከሰል ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ከሰሉንም ራሳችን እንሠራለን። እርሳስ የምታክል ቀጥ ያለ የኒም ጭራሮ ተልጦ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ክዳኑ በምስማር ይበሳና እሳት ውስጥ ይገባል። በቀዳዳዋ የሚወጣው ጭስ ሲያልቅ ከሰሉ ደርሷል። ጣሳው ሳይቀዘቅዝ የከፈተ ሰው አመድ ያገኛል፤ ሁላችንም አንዳንድ ጊዜ አመድ አግኝተናል። ላጲስ ደግሞ የዳቦ ልብ ነው። ዳቦውን ከሆቴላችን አመጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ ከመጋመሱ በፊት ላጲሱ እያለቀ ተቸገርኩ፤ በኋላ ነው እየበሉት መሆኑን የደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ዳቦ ማምጣት ጀመርኩ፤ አንዱ የሚበላ፣ አንዱ ያደረ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ኛማል ትባላለች። የኑዌር ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ተወልዳ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ የጨረሰች ስለሆነች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እኔ በእንግሊዝኛ ጀምሬ ሲያቅተኝ በአማርኛ እጨርሳለሁ፤ እሷ ወደ ጁባ አረብኛ ትመልሰዋለች። አንዳንዴ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር እሷ አምስት ትናገራለች፣ ክፍሉም ይስቃል። ምን ጨመርሽ ስላት፣ «ምንም ቲቸር፣ ማብራሪያ ነው» ትለኛለች።

ማስተማርን የተማርኩት ግን ከኡስታዝ ላዶ ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው መጥተው የክፍሉን ወለል ይጠርጋሉ፤ ሌላ ሰው እንዲጠርግ አይፈቅዱም። ትምህርት ሲጀመር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በተማሪዎቹ ጀርባ ይዞራሉ። በተማሪ ሥራ ላይ እጃቸው አርፎ አያውቅም፤ አስተማሪ አንዴ መስመር ካሰመረ ሥዕሉ የተማሪው መሆኑ ይቀራል ይሉ ነበር። ጎበዝ ወይም ሰነፍ አይሉም። ወረቀቱን ይዘቀዝቁትና ተማሪው ራሱ እንዲያየው ትተውት ይሄዳሉ። ሲዘቀዘቅ ፊት ፊት መሆኑ፣ ወንበር ወንበር መሆኑ ይቀርና የቅርጹ ጉድለት ራሱ ይታያል። ቃላቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «አይኑ ታኒ»። እኔ ዓይኑ ሲሉ ስለማን ዓይን እንደሚያወሩ ሳይገባኝ አንድ ሳምንት አለፈ። ኋላ ኛማል እየሳቀች ነገረችኝ፤ በጁባ አረብኛ «እንደገና ተመልከት» ማለት ነው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ረጅሙ ዋኒ ነበር። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ጫካ ሳለ የሠራዊቱን ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ከኋላው ያሉትን ይጋርዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ዝምተኛ ነው። እጁ ላይ ያለ ነገር ሲሥል፣ ለምሳሌ ቅጠል፣ የክብሪት ሳጥን፣ የጫማ ስፌት፣ እኔ ራሴ ልሠራው የማልችለውን ይሠራል። የቅጠሏን ጅማት አንድ በአንድ ያወጣታል። ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ጆግና ሳህን አስቀምጬ ሣሉ ስል ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጆጉ እጀታ አይኖረውም፤ ሳህኑ ከጨርቁ ጋር ይቀላቀላል፤ ሁሉም ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ይሆናል።

መሠረታዊ ሥዕል ላይ ከምናስተምራቸው ነገሮች ዋናው መለካት ነው። ክንድህን ትዘረጋለህ፣ አንድ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ እርሳሱን ከምትሥለው ነገር ጋር አስተያይተህ በአውራ ጣትህ ቁመቱን ትይዛለህ። ዋኒም እንደ ሌሎቹ ክንዱን ይዘረጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው ግን ሌላ ነው። እኔ ልቡ እዚያ የለም አልኩ። እቃው በእጁ ሲሆን እየሠራ፣ እኔ የመደብኩለት ሲሆን ይለግማል አልኩ። አንድ ቀን ሁሉም ከኮሌጁ በረንዳ የሚታያቸውን ብቻ እንዲሥሉ አዘዝኩ። ከበረንዳው ግቢው፣ ከዚያ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከሁሉ ኋላ የጀበል ተራራ ይታያል። አሥራ ስምንት ሰው ተራራ ሣለ። የዋኒ ወረቀት ላይ የበረንዳው ምሰሶ ስንጥቁ ሳይቀር ነበረ፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን ባዶ ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ተራራው የት ሄደ?» ብዬ ጽፌ መለስኩለት።

የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና የእንጨት ወንበር፣ ጆግና የተንጠለጠለ ጨርቅ ነበር። ሦስት ሰዓት ሰጠኋቸው። ዋኒ ያስረከበኝ ወንበር ሦስት እግር ነበረው። ያን ቀን ሙቀቱ ከብዶኝ ነበር፤ ይህን ስል ምክንያት መደርደሬ አይደለም። ወረቀቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁና፣ «ሠዓሊ ከሁሉ በፊት ዓይን ያስፈልገዋል፤ አንተ ግን ዓይን የለህም» አልኩት። በአማርኛ ነው የተናገርኩት። ኛማል ወደ እኔ ዞረች። ተርጉሚለት አልኳት። በአጭሩ ተረጎመችው፣ በዚያ ቀን ማብራሪያ አልጨመረችም። ዋኒ ተነስቶ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝ፣ ለአራት አጠፈውና ብሎኬቱ ላይ ትቶት ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም።

ኡስታዝ ላዶ የሆነውን ሰምተው ነበር። አንድ ጠዋት የዋኒን የሥራ ማህደር ይዘው በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ሥዕሎቹን በሁለት ከፍለው መሬት ላይ ደርድረዋቸዋል፤ በስተቀኝ የቅጠሉ፣ የክብሪቱ፣ የጫማው፤ በስተግራ የጆጉ፣ የወንበሩ፣ የበረንዳው። ብዙ ጊዜ አየኋቸውና አንድ ሰው የሠራቸው አይመስሉም አልኩ። አንድ ሰው ነው የሠራቸው አሉ። ከዚያ መነጽሬን እንዳወልቅ ጠየቁኝ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ መነጽር አደርጋለሁ፤ ያለሱ እንኳን ሰው መንገድም አላይም። አወለቅሁ።

«አሁን ከዚህ የሚታይሽን ንገሪኝ» አሉኝ።

ምሰሶውን አየሁ። ስንጥቁንም አየሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ሁሉም እንደ ውኃ ሆነ። ተራራ አልነበረም።

መነጽሬን መልሼ አደረግሁ። ከሰው ሁሉ እኔ ነበርኩ ላውቀው የሚገባኝ። ልጅ ሳለሁ ሰሌዳው አልታይ እያለኝ ደደብ ተብዬ ተደብድቤያለሁ፤ ያን ሁሉ ረስቼ ያላየን ሰው ዓይን የለህም ብዬ አባረርኩ። ያውም ከኋላ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ኡስታዝ ላዶ ግን አልወቀሱኝም። እሳቸውም ቢሆኑ ይህን ያወቁት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሥዕሎቹን ሲደረድሩ መሆኑን ነገሩኝና፣ ወለሉን ሊጠርጉ ገቡ።

እኔና ኛማል ፍለጋ ወጣን። የዋኒ እህት ኒምራ ታላታ በሚባል ሠፈር እንደምትኖር አንድ ተማሪ ነገረን፤ ቦዳ በሚሏቸው ሁለት የኪራይ ሞተሮች ሄድን። እህቱ ማንነቴን ስትሰማ በሩን በግማሽ ዘጋችው። ኛማል ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ ረጅም ነበር፤ በመጨረሻ ሴትየዋ ወንድሟ ጀበል ገበያ ማኅተም እንደሚቀርጽ ነገረችን። እኔ በየቀኑ በማልፍበት ገበያ ማለት ነው።

ዣንጥላ ሥር አገኘነው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ በየቀኑ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፣ እያንዳንዱም ማኅተም ይፈልጋል። ዋኒ ከነጠላ ጫማ ሶል ላይ በምላጭ እየፈለፈለ፣ ፊደሎቹን ገልብጦ፣ ከዓይኑ አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ይዞ ይቀርጻል። አጠገቡ እስክንቆም አላወቀንም። ሲያውቀኝ ተነሳ፤ መቀመጫውን ለእኔ ለቆ ራሱ ቆመ። ይህ ከምንም በላይ አሳፈረኝ።

የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅህ ነው አልኩት። ስለ ዓይኑ ያወቅሁትን ነገርኩት። ከማዶው ሱቅ በር በላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት፤ የቱ ጽሑፍ አለ። ከዚያ የተናገረውን ኛማል እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦

«የምታዩትን ብቻ ሣሉ፣ የምታውቁትን አትሣሉ ብለውን ነበር። እኔ ከበረንዳው ላይ ተራራ አላየሁም። እዚያ እንዳለማ አውቃለሁ፣ የምሠራው ሥሩ ነው። ሌሎቹ ስለሚያውቁት የጨመሩት መስሎኝ ነበር ይላል።»

ከአሥራ ዘጠኙ ተማሪዎቼ ትእዛዜን በትክክል የፈጸመው እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ለመመለስ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። በክፍሉ ፊት የተባለው በክፍሉ ፊት እንዲነሳ ፈለገ። ተስማማሁ። በነጋታው ከተማሪዎቹ ፊት ቆሜ፣ ዓይን የጎደለኝ እኔ ነኝ፣ ያልሁትንም አንስቻለሁ አልኩ። ኛማል ያን ቀን ያለ ልክ ጮክ ብላ ተረጎመችው፤ ማብራሪያውንም መለሰችው።

የዓይን ምርመራውን ያደረገችለት ኮር ዊሊያም ሠፈር ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ የአገሬ ልጅ፣ ሲስተር ሙሉ ናት። ግድግዳዋ ላይ የፊደል ሰሌዳ ነበራት። ዋኒ ከላይ ካለው ከትልቁ ፊደል አላለፈም። ልኩን የጻፈችበትን ወረቀት በሆቴላችን ምሳ የሚበላ አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ አዲስ አበባ ወሰደልን፤ በሁለት ሳምንት መነጽሩ መጣ። ክሊኒኩ በር ላይ አደረገው። ግቢው ውስጥ ያለውን የኒም ዛፍ ብዙ ቆሞ ሲያይ ቆየና ቅጠሎቹ ከዚህ ይታያሉ እንዴ አለ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝና የሆነ ነገር ለኛማል ነገራት። ኛማል አፏን ያዘች።

«ልተርጉመው ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

«ተርጉሚው።»

«ወጣት ይመስሉኝ ነበር ይላል።»

ሲስተር ሙሉ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ዋኒን ማስተማር አያስፈልግም ነበር፤ መከተል ብቻ ነው። እኔ ተማሪዎቹን ብርሃንና ጥላ ለመለየት ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ፣ ዝርዝሩ ይጥፋ፣ ትልልቁ ጨለማና ብርሃን ብቻ ይቅር እላቸዋለሁ። ዋኒ መነጽሩን ያወልቃል፤ በቃ። ጥላውን ያለ መነጽር ያስቀምጣል፣ መስመሩን በመነጽር ያሰምራል። ሌሎቹ ይቀኑበት ጀመር። አንዱ ተማሪ ደህና ዓይን እያለው መነጽር እንዳዝለት ጠይቆኛል። የዋኒን የቀድሞ ጭጋጋም ሥዕሎችም ኡስታዝ ላዶ አውጥተው ሲያሳዩን፣ ከክፍሉ ሁሉ የብርሃን ሚዛናቸው እውነተኛ የሆኑት እነሱ ነበሩ። የጣልኩት ፈተና ጥሩ ሥዕል ነበር፣ ወንበሩ አንድ እግር ከማነሱ በስተቀር።

ሁለት ዓመት ተምሮ ሲጨርስ ኡስታዝ ላዶ ረዳት አስተማሪ አደረጉት። ኛማልም ተመርቃ አንድ ማስታወቂያ የሚሠራ ድርጅት ገባች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እየመጣች አሁንም ታብራራለች።

እኔ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የሲስተር ሙሉ የመድኃኒት ከረጢት ነው። እንክብል የሚገባባት ትንሽ የወረቀት ከረጢት ናት። ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ ስለማይችሉ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ የሚለውን በሥዕል እንድናደርግላት ጠየቀችን። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው ብዬ እኔው ሣልኩት፤ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ። ሲስተር ሙሉ ወደደችው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ትኩሳቱ ያገረሸበት ሕፃን ይዛ መጣች። የማታውን መድኃኒት ለምን እንዳልሰጠች ስትጠየቅ፣ በዚያ ሳምንት ጨረቃ አልወጣችም አለች። እውነቷን ነው፣ አልወጣችም ነበር። ልጁ ዳነ፤ እኔ ግን ከረጢቶቹን ሰብስቤ አስቃጠልኩ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ግማሽ ፀሐይ ነበር፤ የምትወጣና የምትጠልቅ። ለእናቶቹ ስናሳያቸው ግማሾቹ የምትወጣውን ትጠልቃለች፣ የምትጠልቀውን ትወጣለች አሉ። ግማሽ ፀሐይ ያው ግማሽ ፀሐይ ናት። ዋኒ እኔ ከሴቶቹ ጋር ስከራከር ከዳር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ከዚያ ተነስቶ አንዷን፣ ጠዋት ፀሐይ ከየት ትመጣለች ብሎ ጠየቃት። ሴትየዋ ሞኝ ነህ ወይ በሚል ዓይን አየችውና በእጇ ወደ ወንዙ አመለከተች። ማታስ ሲላት ወደ ጀበል ተራራ አመለከተች። አሥር ሴቶች ጠየቀ፤ አሥሩም እጃቸውን ወደዚያው ዘረጉ።

ዋኒ ከረጢቷን እንደገና ሣላት። በአንድ ወገን ፀሐይዋ ከወንዙ ላይ፣ ከአንድ ጀልባ ኋላ ብቅ ብላለች። በሌላው ወገን የተራራው ጫፍ ግማሿን ሸፍኗታል። ተራራውን ማንም የጁባ ሰው በሰላሳ እርምጃ ርቀት በሚለየው ዓይነት፣ በስድስት መስመር ጨርሶታል። ወደ ክሊኒኩ ይዘናት ሄድን። እናቶቹ ያለ ማብራሪያ አነበቧት። ኛማል ሥራ ፈታች። ኡስታዝ ላዶ ዘቅዝቀው አዩዋትና «አይኑ ታኒ» ሳይሉ መለሱልን፤ ይህ ከእሳቸው ሽልማት ነው።

ልንወጣ ስንል አንዲት አሮጊት ከጥግ ጠሩን። የልጅ ልጃቸውን አሳክመው መድኃኒት እየጠበቁ ነበር። ከረጢቷን ከአንዷ እናት ተቀብለው በሁለቱም ወገን አገላብጠው አዩዋት፣ ከዚያ ሁለቱም ማታ ነው አሉ። እንደገና እንዲያዩት ጠየቅናቸው። አይተው ሁለቱም ማታ ነው አሉ። ዋኒ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው። ከጉምቦ አሉት። ጉምቦ ከድልድዩ ማዶ፣ ከወንዙ በስተምሥራቅ ነው። እዚያ ቆሞ ለሚያይ ሰው ወንዙም ተራራውም በአንድ ወገን ናቸው፤ ፀሐይም በሁለቱ ላይ የምትወርደው ስትጠልቅ ነው።

ኛማል ተቀመጠች። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጉምቦ የሚመጡት ጥቂት ስለሆኑ ሲስተር ሙሉ በቃል ትነግራቸዋለች ብዬ ላልፈው ነበር። ዋኒ ግን አሮጊቷን፣ ነገ ጠዋት ቤታቸው ቢመጣ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ከደጅዎ ተቀምጬ ልይ አላቸው። ሻይ ካመጣህ ና አሉት።

በማግሥቱ ወፍ ሲንጫጫ ድልድዩን ተሻግሮ ሄደ። እኔም ሄድኩ፤ አልተጠራሁም፣ ዝም ብዬ ነው የተከተልኩት። አሮጊቷ በራቸው ላይ ለእሱ ብርጩማ አወጡለት፣ ለእኔ ምንጣፍ ዘረጉልኝ። ዋኒ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ አደረገና፣ እሳቸው የሚያዩትን ለማየት ብርጩማዋን እሳቸው ወደተቀመጡበት አስጠጋት። ረጅም ስለሆነ እንደሳቸው ዝቅ ለማለት መሬት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከየት እንደምትወጣ ጠየቃቸው። እሳቸው በአገጫቸው አመለከቱት። ከኒሙሌ የሚመጣው መንገድ ነው፤ ከኡጋንዳ ዕቃ የጫኑ ትልልቅ መኪኖች ሌሊቱን አድረው በዚያ ተራ ይዘው ቆመዋል፤ ፀሐይዋ ከሸራቸው በላይ ብቅ አለች። ዋኒ ሣላት። ሥሎ ሲጨርስ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው አሳያቸው። አሮጊቷ የፊተኛው መኪና ጎማ ትንሽ መሆኑን ነገሩት፤ አስተካከለው።

እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ የአንደኛ ዓመትን ክፍል ለዋኒ እንዲሰጡት ለኡስታዝ ላዶ ለመንገር ወሰንኩ። ነገርኳቸው፤ እሳቸው እኔ እስክነግራቸው ይጠብቁ እንደነበር ገባኝ። በዚያው ዓመት አገሩ ነፃነቱን ሲያውጅ፣ ከተማው ሁሉ ባንዲራና ማስታወቂያ እንዲሣልለት ሲፈልግ፣ ተማሪዎቹ ከሰሉን ትተው ቀለም ውስጥ ሲነከሩ አይቼ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ማተሚያ ቤቴ ተመለስኩ። ሦስተኛ አለቃ ጠበቀኝ፤ እሱ ላሟን በኮምፒዩተር ይፈልጋት ነበር።

ጁባን ለመጨረሻ ጊዜ የተሰናበትኩት በሲስተር ሙሉ ክሊኒክ ነው። መድኃኒት የምታድልበት መስኮት ሥር ሁለት ካርቶን ነበሩ፤ አንዱ ጀልባ ያለባቸው ከረጢቶች፣ ሌላው መኪና ያለባቸው። ወረፋው ረጅም ነበር። ሲስተር ሙሉ ወደ ሕፃኑ ስም፣ ወደ እናቲቱ ስም ሳትደርስ፣ ለእያንዳንዷ ሴት መጀመሪያ የምታነሳው ጥያቄ አንድ ነበር። በተማረቻት አረብኛ፣ ኛማል ባስጠናቻት አነጋገር፣ ከወንዙ ወዲህ ነሽ ወይስ ወዲያ ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ሰምታ ነው እጇን ወደ ካርቶኑ የምትሰደው።